ካርዱን ከመግዛትህ በፊት ኬዙን ክፈተው

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ታላቅ ወንድሜ ሲሠራበት የነበረውን ኮምፒውተር ሰጥቶኝ ከታናሽ እህቴ ጋር ጌም እንጫወትበታለን። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ነው፣ ትልቁ ኬዝ። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5-4570፣ ራሙ አንድ ባለ 8 ጊጋባይት፣ ግራፊክስ ካርዱ ጂቲኤክስ 750 ቲአይ ባለ 2 ጊጋባይት ነው። ሞኒተሩ ፉል ኤችዲ፣ 60 ኸርዝ ነው። ጂቲኤ 5 እና ካውንተር ስትራይክ 2 እንጫወታለን፤ ግን በየመሃሉ ቀጥ ይላል። መኪና እየነዳሁ መንገዱና ቤቱ ደብዝዞ ቆይቶ ነው የሚጠራው። ከአንድ ዓመት በላይ ያጠራቀምኳት ገንዘብ አለችኝ፤ አንድ ካርድ ትገዛለች፣ ከተሳሳትኩ ግን ሌላ ዕድል የለኝም። ያገለገለ አርኤክስ 580 ባለ 8 ጊጋባይት አግኝቻለሁ። አዲስ አርኤክስ 6500 ኤክስቲም አለ። አንዱ ጓደኛዬ ‹አቅምህ የቻለውን ትልቁን ግዛ› ይለኛል፤ ሌላው ‹አሮጌ ላይ ገንዘብ አታፍስስ፣ ጣለው› ይለኛል። የትኛውን ልስማ?»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። በሁለተኛው ንባብ የፈለግኩት የጎደለውን ነበር። ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን፣ ካርዱን፣ የሞኒተሩን ኸርዝ ሳይቀር ጽፈህልኛል፤ ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ሁሉ ኤሌክትሪክ ስለሚያከፋፍለው ሣጥን፣ ስለ ፓወር ሰፕላይው ግን አንዲት ቃል የለችም። የምትገዛውን ካርድ የሚወስንልህ ደግሞ እሱ ነው። ስለዚህ ገንዘቡን ከማውጣትህ በፊት ኮምፒውተሩን አጥፋ፣ ኤሌክትሪኩን ንቀል፣ የጎኑን ሽፋን ክፈትና ፓወር ሰፕላይው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብብ።

ማንም ካልቀየረው በቀር የምታገኘው ቁጥር 290 ዋት ነው። የዚህ ሞዴል ትልቁ ኬዝ ከፋብሪካ የሚወጣው በዚያ ነው። ለቢሮ ሥራ የተሠራ ማሽን ስለሆነ ከፓወር ሰፕላይው ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ባለ 6 ፒንም ሆነ ባለ 8 ፒን ኬብል አይወጣም። አሁን ያለህ 750 ቲአይ ያለ ተጨማሪ ኬብል የሚሠራው የሚፈልገው 60 ዋት ብቻ ስለሆነ ነው። ካርዱ የሚሰካበት ስሎት ብቻውን እስከ 75 ዋት ይሰጣል። ባለ 6 ፒን ኬብል ሌላ 75 ዋት፣ ባለ 8 ፒን ደግሞ 150 ዋት ይጨምራል። አንተ ጋ ሁለቱም ከሌሉ የካርድህ ጣሪያ 75 ዋት ነው ማለት ነው።

አሁን ያገኘኸውን አርኤክስ 580 በዚህ ዓይን እየው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሲወጣ የተቀመጠለት የኃይል ፍጆታ 185 ዋት ነው፤ ባለ 8 ፒን ኬብልም ይፈልጋል። 8 ጊጋባይት ሜሞሪው ያጓጓል፣ እውነት ነው። ግን «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ካርዱ፣ ፕሮሰሰሩና ሌላው ዕቃ በአንድ ላይ ሲጫኑት ባለ 290 ዋቱ ፓወር ሰፕላይ ምንም ትርፍ አይኖረውም።

ሻጩ «ችግር የለም፣ ማገናኛ አለ» ሊልህ ይችላል። የሃርድ ዲስኩን የሳታ ኬብል ወደ ባለ 6 ወይም ባለ 8 ፒን የሚቀይር ትንሽ ኬብል ነው። እባክህ አትቀበለው። አንድ የሳታ መሰኪያ በ12 ቮልት መስመሩ የሚችለው 54 ዋት ነው፤ ባለ 6 ፒን ካርድ ግን 75 ዋት ሊጠይቀው ይችላል። ከዓመታት በፊት ለእህቴ ልጅ ካርድ ስገጥም ይህንኑ ኬብል ተጠቅሜ ነበር። የሸጠልኝ ሰው «ሁሉም የሚጠቀመው ይህንን ነው» አለኝ፣ እኔም አመንኩት። ሁለት ሳምንት ሠራ። ከዚያ አንድ ማታ ልጁ እየተጫወተ ሳለ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። ስንከፍተው መሰኪያው ቀልጦ ከኬብሉ ጋር ተጣብቋል። ካርዱ ተረፈ፤ ልጁ አጠገቡ ባይኖርና ቶሎ ባናጠፋው ምን ይሆን እንደነበር ሳስበው ግን እስከ ዛሬ ይከብደኛል። ስለዚህ ነገር ስጽፍ ድምፄ ከፍ ቢልብህ አትቀየመኝ።

ወደ መቆሙና ወደ መደብዘዙ እንምጣ፤ ምክንያቱን ካወቅከው የቀረውን ራስህ ትመርጣለህ። ግራፊክስ ካርድ የመንገዱን፣ የግድግዳውን፣ የልብሱን ሥዕል ሁሉ የሚያስቀምጠው በራሱ ሜሞሪ ውስጥ ነው። የአንተ ካርድ ከራሱ ሜሞሪ በሰከንድ ወደ 86 ጊጋባይት ማንበብ ይችላል። ሜሞሪው ግን 2 ጊጋባይት ብቻ ነው። እሱ ሲሞላ ትርፉ ሥዕል ወደ ኮምፒውተሩ ራም ይሄዳል፤ ካርዱ በፈለገው ቁጥር ከዚያ እያስመጣ ይሠራል። በመሃል ያለው የማዘርቦርዱ ስሎት በሰከንድ ወደ 16 ጊጋባይት ያሳልፋል። ራሙ ደግሞ ዲዲአር3 ሆኖ አንድ ብቻ ሲሰካ፣ በ1600 ፍጥነት የሚሰጠው 12.8 ጊጋባይት ነው፤ ያንንም ፕሮሰሰሩ ይጋራዋል። ከ86 ወደ 12.8 ወረድክ ማለት ነው። በ60 ኸርዝ ሞኒተር ላይ አንድ ፍሬም (አንድ ሙሉ የስክሪን ምስል) ለመድረስ ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ነው። ሥዕሉ በዚያ ጊዜ ካልደረሰ ወይ ጌሙ ቀጥ ይላል፣ ወይ ቤቱ ደብዝዞ ይቆይና በኋላ ይጠራል። የጻፍክልኝ ምልክት ቁርጥ ይሄ ነው።

ይህንን ዛሬውኑ ያለ ምንም ወጪ ማየት ትችላለህ። የጂቲኤ 5 የግራፊክስ ሜኑ ስንት የቪዲዮ ሜሞሪ እንደምትጠቀም የሚያሳይ መለኪያ አለው። የቴክስቸሩን፣ ማለትም የእነዚያን የመንገድና የግድግዳ ሥዕሎች፣ ጥራት ወደ ዝቅተኛው አውርደውና መለኪያው ከ2 ጊጋባይት በታች ሆኖ አንድ ግማሽ ሰዓት ተጫወት። መደብዘዙ ከጠፋ ችግርህ የካርዱ ሜሞሪ ማነስ እንደሆነ በዓይንህ አረጋገጥክ።

አሁን ስለ አርኤክስ 6500 ኤክስቲ። ይህ ካርድ አዲስ ስለሆነ ብዙ ሰው ያምነዋል፤ እኔ ግን ለአሮጌ ኮምፒውተር ከሚሸጡት ሁሉ የማዝንበት እሱ ነው። ሜሞሪው 4 ጊጋባይት ነው። ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገረው በ4 መስመር ብቻ ነው፤ አብዛኞቹ ሌሎች ካርዶች 8 ወይም 16 አላቸው። ካርዱ የሚሰካበት ስሎት ፒሲአይ ኤክስፕረስ ይባላል፤ ትውልዱ 4.0 በሆነ ማዘርቦርድ ላይ 4ቱ መስመር በሰከንድ ወደ 8 ጊጋባይት ስለሚያሳልፍ ያስኬደዋል። የአንተ ማዘርቦርድ ግን 3.0 ነው፤ እዚያ ላይ ግማሹን፣ ወደ 4 ጊጋባይት ብቻ ያሳልፋል። 4 ጊጋባይቱ ሜሞሪ ሲሞላ ያው አሁን የሚያስመርርህ መቆም ተመልሶ ይመጣል፣ ያውም ከአሁኑ በጠበበ መንገድ። በዚያ ላይ 107 ዋት ይፈልጋል፣ ባለ 6 ፒን ኬብልም ይጠይቃል። ስለዚህ እሱንም ተወው።

እኔ በአንተ ቦታ ብሆን የምገዛው አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋባይቱን ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 የወጣ ነው። ፍጆታው 70 ዋት ስለሆነ ከስሎቱ በሚያገኘው ኃይል ብቻ ይሠራል። ሜሞሪው አሁን ካለህ ሦስት እጥፍ ነው፤ ፍጥነቱም በሰከንድ 168 ጊጋባይት፣ ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። 8 መስመር ስላለው ማዘርቦርድህ 3.0 መሆኑ ብዙም አይጎዳውም። ዲኤልኤስኤስ የሚባለውን፣ ሥዕሉን በትንሽ መጠን ሠርቶ ወደ ትልቅ የሚያሳድገውን ዘዴም ይደግፋል።

ሲገዙት ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ስሙ ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሌላ አርቲኤክስ 3050 አለ፣ 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው። እሱ ፈጣን ነው፤ ፍጆታው ግን 130 ዋት ስለሆነ ኬብል ይጠይቃል። ሳጥኑ ላይ ሁለቱም 3050 ተብሎ ነው የሚጻፈው። ስለዚህ የሜሞሪውን ቁጥር አንብብ። ካርዱን አውጥተው እንዲያሳዩህም ጠይቅ፤ በላይኛው ጠርዙ ላይ የኃይል ኬብል መሰኪያ ካለው ለአንተ አይሆንም።

ገንዘብህ እዚያ ካልደረሰ ጂቲኤክስ 1650 አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ፣ 4 ጊጋባይት ሜሞሪና 75 ዋት ፍጆታ ያለው ካርድ ነው። እዚህም አንዳንድ አምራቾች ፍጥነቱን ከፍ አድርገው ባለ 6 ፒን መሰኪያ ስለጨመሩበት ያለ መሰኪያ የተሠራውን ፈልግ። ከአሁኑ ካርድህ ጋር ሲነጻጸር ለውጡን በደንብ ታየዋለህ። 4 ጊጋባይት ዛሬ ለምትጫወታቸው ሁለቱ ጌሞች ይበቃል፤ ለሚመጡት ግን ቶሎ ይጠብባል።

ጂቲኤክስ 1050 ቲአይን ርካሽ ስለሆነ ብቻ አትግዛው። በኃይል በኩል ይስማማሃል፤ ነገር ግን ኤንቪዲያ ለዚያ ትውልድም፣ ለአንተ 750 ቲአይ ትውልድም ለአዳዲስ ጌሞች የሚዘጋጀውን ድራይቨር (ዊንዶውስ ካርዱን የሚያሠራበትን ፕሮግራም) ማውጣቱን እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 አቁሟል። ከዚያ ወዲህ የሚመጣላቸው የደህንነት ማስተካከያ ብቻ ነው። የኢንቴሉ አርክ ኤ380ም 75 ዋትና 6 ጊጋባይት ስለሆነ ዓይን ይስባል፤ እሱ ግን በደንብ የሚሠራው ሪሳይዘብል ባር የሚባለው፣ ፕሮሰሰሩ የካርዱን ሜሞሪ በሙሉ በአንድ ጊዜ እንዲያገኝ የሚያደርገው ዘዴ ባለው ማዘርቦርድ ላይ ነው፣ የአንተ ደግሞ ከዚያ በፊት የተሠራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ምክር ልጨምር፣ ምናልባትም ከካርዱ ባልተናነሰ የሚጠቅምህ እሱ ነው። ሁለተኛ ራም ግዛ። አንድ ባለ 8 ጊጋባይት ብቻ ስለሰካህ ኮምፒውተርህ ካሉት ሁለት የራም መንገዶች አንዱን ዘግቶ ነው የሚሠራው። ተመሳሳይ ባለ 8 ጊጋባይት ዲዲአር3፣ 1600 ፍጥነት ያለው፣ የላፕቶፕ ያልሆነ ራም ብትጨምርበት 16 ጊጋባይት ይሆንልሃል፤ የራሙም ፍጥነት ከ12.8 ወደ 25.6 ጊጋባይት ይወጣል። ያገለገለ ራም መግዛት ያገለገለ ካርድ የመግዛትን ያህል አያሰጋም፤ የሚያረጅ ፋን የለውም፣ ብልሽትም ካለው በአንድ ሌሊት ፍተሻ አብዛኛውን ጊዜ ይታወቃል። ከሰካኸው በኋላ ሲፒዩ-ዚ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ክፈትና የራሙን ገጽ እይ። «ዱዋል» ወይም በአዲሱ ቅጂ «2 x 64-bit» ካላለ ራሞቹ በአንድ መንገድ ላይ ተደርድረዋል ማለት ስለሆነ የአንዱን ቦታ ቀይር። ካርዱንና ራሙን በአንድ ላይ ለመግዛት ገንዘቡ ካልበቃህ፣ ከ3050 ይልቅ 1650ን ከራሙ ጋር ብትወስድ ደስ ይለኛል።

ቀጥሎ ያለው ትንሽ ያስከፋህ ይሆናል፤ ግን ካልነገርኩህ ወዳጅነት አይሆንም። ካርዱ ጂቲኤ 5ን ይለውጥልሃል። ካውንተር ስትራይክ 2ን ግን የጠበቅከውን ያህል ላይለውጠው ይችላል። ያ ጌም ከካርዱ ይልቅ ፕሮሰሰሩን ነው የሚያደክመው። የአንተ አይ5-4570 እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ፣ 4 ኮርና 4 ትሬድ ያለው፣ ማለትም በአንድ ጊዜ አራት ሥራ ብቻ የሚያካሂድ ፕሮሰሰር ነው። የካርዱን ድርሻ ከፕሮሰሰሩ ለመለየት ይህንን ሞክር። ጌሙን በተለመደው ሴቲንግ ተጫወትና በሰከንድ ስንት ፍሬም እንደምታገኝ በስቲም ቆጣሪ አንብብ። ከዚያ ሪዞሉሽኑን እስከሚወርድበት አውርድ፣ ሌላውንም ሴቲንግ ዝቅ አድርግና ያው ቦታ ላይ ድገመው። ቁጥሩ በጣም ከጨመረ የያዘህ ካርዱ ነው። ቁጥሩ ባለበት ከቆመ፣ ታስክ ማናጀር ላይም ፕሮሰሰሩ ከ90 በመቶ በላይ ከሆነ፣ የያዘህ ፕሮሰሰሩ ነው። በዝቅተኛው ሪዞሉሽን ያገኘኸው ቁጥር የፕሮሰሰርህ ጣሪያ ነው ብለህ ያዘው፤ ምንም ካርድ ብትገዛ ከዚያ አያሳልፍህም።

«አቅምህ የቻለውን ትልቁን ግዛ» ያለህ ጓደኛህ ይህንን አላሰበውም። አርኤክስ 6600ን ብንወስድ በጣም የምወደው ካርድ ነው፤ 8 ጊጋባይት ሜሞሪ፣ 132 ዋት፣ አንድ ባለ 8 ፒን ኬብል። ነገር ግን ያንን ለመግጠም ፓወር ሰፕላይውን መቀየር አለብህ፤ የዚህ ዴል ማዘርቦርድ ደግሞ የተለመደውን ባለ 24 ፒን መሰኪያ ስለማይቀበል ወደ ባለ 8 ፒን የሚቀይር ማገናኛ ያስፈልግሃል። ይህን ሁሉ ከፍለህ ሲያበቃ ፕሮሰሰሩ ካርዱን ሊቀልበው ስለማይችል ብዙ ጉልበቱ ሳይሠራበት ይቀመጣል። ወደ አዲስ ኮምፒውተር ይዘኸው ለመሄድ ቁርጥ ያለ ሐሳብ ካለህ ያስኬዳል። ደብዳቤህ ግን እንደዚያ አይልም።

«ጣለው» ያለህ ደግሞ የአንተን ገንዘብ አይቶ የተናገረ አልመሰለኝም። ሌላ ኮምፒውተር መግዛት የምትችል ብትሆን ኖሮ አንድ ዓመት አጠራቅመህ ስለ አንድ ካርድ አትጠይቀኝም ነበር። ይህ ማሽን ገና ዕድሜ አለው። ወደፊት ትንሽ ስታገኝ ባዮሱን (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳውን፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ፕሮግራም) አድሰህ ያገለገለ ኮር አይ7-4790 ልትሰካበት ትችላለህ፤ ኮሩ 4 ሆኖ ትሬዱ 8 ነው፣ የተቀመጠለት ፍጆታም እንደ አይ5ህ 84 ዋት ነው። ማወቅ ያለብህ አንድ ገደብ ግን አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቋርጧል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ይህንን ፕሮሰሰር በይፋ አይቀበልም። ከዚህ ማሽን ብዙ ዓመት አትጠብቅ፤ ለዚህም ነው ገንዘብህን ሁሉ እንዳታፈስበት የምለምንህ።

ያገለገለ ካርድ የምትገዛ ከሆነ ሲሠራ ሳታይ አትክፈል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 ኢቴሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ መመረቱ ሲቀር ቀንና ሌሊት ሲሠሩ የኖሩ ብዙ ካርዶች ለሽያጭ ወጥተዋል። እንደነዚህ ያሉት ሁሉ የተበላሹ አይደሉም፤ ቶሎ የሚያረጀው ፋኑና የሙቀት ማስተላለፊያ ፓስታው ነው። ጌም ወይም የመፈተኛ ፕሮግራም ከፍተህ ቢያንስ 20 ደቂቃ አሠራው። ፋኑ ሲንኳኳ ወይም ሲያንቋርር ስማ። ስክሪኑ ላይ እንግዳ ነጠብጣብ ወይም መስመር ከመጣ ዋጋ ሳትከራከር ውጣ። ሌላው አደጋ ማታለል ነው። የድሮ ካርድ የራሱ ባዮስ ተቀይሮ ዊንዶውስ ላይ የአዲስ ካርድ ስም እንዲያሳይ ይደረጋል። ጂፒዩ-ዚ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም እንዲህ ያሉትን ብዙዎቹን ለይቶ «ፌክ» ብሎ ይጽፍባቸዋል። በፍላሽ ይዘኸው ሂድ።

ከመግዛትህ በፊት ሞኒተርህ በምን ኬብል እንደተሰካ እይ። ባለ 15 ፒኑ ሰማያዊ ቪጂኤ ከሆነ አዲሶቹ ካርዶች ያንን መሰኪያ አይዙም፤ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር፣ ውስጡ መቀየሪያ ቺፕ ያለው ማገናኛ ትፈልጋለህ። ካርዱን የምትገጥም ቀን ኤሌክትሪኩን ነቅለህ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጫነው፤ ውስጥ የቀረው ኃይል ይወጣል። የኬዙን ብረት ነክተህ ጀምር። አሮጌውን ካርድ ስታወጣ ስሎቱ ጫፍ ላይ ያለችውን መያዣ ተጫናት፣ ሳትለቅ አትጎትተው። አዲሱ «ቀጭ» ብሎ እስኪገባ ድረስ እኩል ግፋው፣ ብሎኑንም አጥብቅ። የሞኒተሩን ኬብል ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን አዲሱ ካርድ ላይ ሰካ፤ በዚህ የተነሳ «ካርዱ አይሠራም» ብለው የመለሱ ሰዎች አውቃለሁ። ድራይቨሩን ስትጭን ንጹሕ ጭነት የሚለውን ምረጥ፤ የድሮውን ጠርጎ ያወጣልሃል።

ከዚያ ጂቲኤ 5ን ክፈትና ቴክስቸሩን አንድ ደረጃ ብቻ ጨምር፣ መለኪያውን እያየህ። ከሜሞሪው አንድ ጊጋባይት ያህል ክፍት ተውለት። የመጀመሪያውን ዙር እህትህ ትንዳ፤ አንተ አጠገቧ ተቀምጠህ ቤቶቹን እይ።